በኦክና በጭቃ መንገድ፦ የሰሜን ጀርመን የገበሬ ቤቶች ጉዞ

እንቁጣጣሽን ፍራንክፈርት ከጓደኞቼ ጋር አክብሬ በማግስቱ ወደ ሰሜን ጀርመን ተነሳሁ። ጀርመን ውስጥ ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ሁለተኛ እሁድ፣ በቅርስነት የተጠበቁ ሕንጻዎች በራቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሰው የሚኖርባቸው ስለሆኑ በሌላ ቀን ከአጥር ውጪ ቆሞ ከማየት በቀር መግባት የለም። በ2018 ዓ.ም. ቀኑ መስከረም 4 ላይ ዋለ። የጀርመኑን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ለማየት አልነበረም የሄድኩት። የገበሬ ቤት ነው የፈለግኩት። አዲስ አበባ ፎርማን ሆኜ ስሠራ ስንቱን የጭቃ ቤት አስፈርሼ በብሎኬት አስተክቻለሁ። ያኔ ጭቃና እንጨት ጊዜያዊ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጀርመን መጥቼ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት የሞላው የጭቃና የእንጨት ቤት ውስጥ ሰው ልብስ ሲያሰጣ ሳይ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። የእኛ ለምን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ይዘማል?

ዓርብ፣ መስከረም 2፦ ሃምቡርግና ዮርክ

ከፍራንክፈርት ሃምቡርግ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት አይሞላም። የእኔ ከስድስት ሰዓት አለፈ። ካሰል አጠገብ ሜዳ ላይ ቆመን ቀረን፤ ቡናውም አለቀ። የአክስቴ ልጅ ጣቢያ ስትቀበለኝ “የጀርመን ባቡር በሰዓቱ ይገባል ብሎ ያወራልህ ማነው?” ብላ ሳቀችብኝ። ቦርሳዬን ቤቷ ጥዬ፣ ፍርፍር በልቼ፣ ከሰዓት በኋላውን ላለማባከን ወዲያው ወጣሁ።

ከወደቡ 62 ቁጥር ጀልባ ይዞ ፊንከንቬርደር ድረስ መሻገር ይቻላል። በመላው ጀርመን የሚሠራው ወርሃዊ የትራንስፖርት ትኬት (ያኔ 58 ዩሮ ነበር) ጀልባውንም ይሸፍናል። ቱሪስቱ ለኤልበ ወንዝ ሽርሽር ብዙ ዩሮ ሲከፍል እኔ በትራንስፖርት ትኬቴ ያንኑ ወንዝ አየሁ። ከዚያ አውቶቡስ ቀይሬ ዮርክ ገባሁ።

ይህ አካባቢ አልተስ ላንድ ይባላል። ድሮ ረግረግ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከሆላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ቦይ ቆፍረውና ግድብ ሠርተው አደረቁት። አሁን ዐይን እስኪደክም የአፕል ዛፍ ነው። የደረስኩት በለቀማ ሰሞን ስለነበር በየደጁ ፍሬ የሞላ ሳጥንና የሳንቲም ማስገቢያ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ሻጭ የለም። በሁለት ዩሮ አንድ ከረጢት ገዛሁ። አዲስ አበባ ቢሆን ቆርቆሮውም አብሮ ይሄድ ነበር አልልም፤ ግን አስቤዋለሁ።

ቤቶቹ ጌጠኞች ናቸው። የእንጨቱ ማገር ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ በመሃሉ ያለው ቀይ ሸክላ ጡብ ደግሞ ዝም ብሎ አልተደረደረም። አንዱ ሳጥን ውስጥ የነፋስ ወፍጮ ቅርጽ፣ ሌላው ውስጥ መብረቅ ይከላከላል የሚባለው የመጥረጊያ ቅርጽ፣ በሌላው ሰያፍ ጥልፍ። ፍሬ ሽጠው የከበሩ ገበሬዎች ሀብታቸውን ያሳዩት በዚህ ነው። ከግቢው ፊት ለብቻው የቆመ የእንጨት በር የሠሩም አሉ፤ ተቀርጾ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ ለጋሪ አንድ ሰፊ ቅስት፣ ለሰው አንድ ጠባብ።

ከሁሉ ያስገረመኝ የሙሽራ በር ነው። ግንባሩ ላይ ያለች፣ ያጌጠች፣ ከውጪ እጀታ የሌላት በር ናት። የምትከፈተው ከውስጥ ብቻ። ሙሽሮች በእሷ ይገባሉ፣ የሞተ ሰው በእሷ ይወጣል። እሳት ሲነሳ ደግሞ ዋና ዋናው ዕቃ በእሷ በኩል ይወጣ ነበር። ሣር ክዳን ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ማታ ተመልሼ ለአክስቴ ልጅ ስነግራት “ነገ እኔም እመጣለሁ” አለች። ሃምቡርግ ብዙ ዓመት ኖራ አንድም የገበሬ ቤት ገብታ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3፦ ኡንደሎና ቪልሰደ

በባቡር ቡኽሆልትስ፣ ከዚያ በሉነቡርግ ሄዝ ውስጥ በሚዞረው የበጋ አውቶቡስ ኡንደሎ። አውቶቡሱ በነጻ ነው። በነጻ ስለሆነም ሰው እንደ ሰርዲን ታሽጎ ነበር፤ ግማሹም ብስክሌት ይዟል።

ሄዝ የሚሉት ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ የሸፈነው ሜዳ ነው። የእኛ የስሜን ተራራ አስታ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ይኼኛው ግን ከጉልበት አያልፍም። አበባው የሚያምረው ኦገስት ውስጥ በመሆኑ ቡናማ ወደ መሆን ሄዷል። ቪልሰደ መንደር የጎብኚ መኪና አይገባባትም። ከኡንደሎ በፈረስ ጋሪ ወይም በእግር ነው። የጋሪው ዋጋ ለሁለት ሰው ሲባዛ ምሳችንን ይበላብን ስለነበር አራት ኪሎ ሜትሩን በእግራችን ሄድን። መንገዱ አሸዋ ነው። የአክስቴ ልጅ ነጭ ስኒከር አድርጋ ነበር። ስለ ስኒከሩ ያለችውን አልጽፍም።

ቪልሰደ ውስጥ ያለው ቤት በአገሬው ዘዬ ዳት ኦለ ሁስ ይባላል፤ አሮጌው ቤት ማለት ነው። የተሠራው በ1742 ሃንሽቴት በምትባል ሌላ መንደር ነው። በ1907 ፈትተው እዚህ አምጥተው አቆሙትና ሙዚየም ሆነ። ፈትተው ያልኩት እውነቴን ነው። የእንጨት ማገር ቤት ምስማር የለውም። ምሰሶው ተቦርቡሮ፣ አግዳሚው ጫፉ እንደ ምላስ ተሞርዶ ይገባበታል፤ ከዚያ ሁለቱን የሚወጋ፣ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ የተሠራ ችንካር ይመታበታል። ችንካሩን መልሶ ካወጡት ቤቱ ይፈታል፣ በጋሪ ይጫናል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል።

የምንገባው ጋሪ ከነጭነቱ በሚገባበት በር ነው። ውስጡ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ወለሉ የተደለደለ አፈር። እዚያው ነበር እህል የሚወቃው፤ አውድማው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ዝናቡን ሳይ ገባኝ። በግራና በቀኝ የከብት ጋጣ አለ፤ ላሞቹ አንገታቸውን ወደ አዳራሹ አድርገው ነው የሚቆሙት፣ ግርግሙም በዚያው በኩል። እህሉና ድርቆሹ ላይ ቆጡ ላይ ይጫናል። በአዳራሹ መጨረሻ ምድጃ፣ ከምድጃው ጀርባ የሰዎቹ ክፍሎች። አልጋው ቁም ሳጥን የመሰለ፣ በር ያለው ነው።

አያቴ ቢቸና አጠገብ የነበራቸው ጎጆ ክብ ነው፣ ይኼ ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ ከአርባ እርምጃ አያንስም። አኗኗሩ ግን አንድ ነው። ጥጆች ከእኛ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል፣ ሌሊት ላሚቱ ስታምጥ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው አያቴ ይነሳሉ። እዚህም ባለቤቲቱ ከምድጃዋ ሳትነሳ ከብቱንም፣ ሠራተኛውንም፣ ዋናውን በርም ታያለች።

የጭስ ማውጫ የለም። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆጡ ላይ ባለው እህል መካከል ያልፋል፣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ባለች ጉጉት በምትገባባት ቀዳዳ ይወጣል። እየወጣም ይሠራል። እህሉን ያደርቃል፣ የተሰቀለውን ሥጋ ያጤሳል፣ እንጨቱን ጥቀርሻ አልብሶ ከነቀዝ ይጠብቃል። ወራጆቹ ሬንጅ የተቀቡ ይመስላሉ። የአክስቴ ልጅ ገና ስትገባ አሽትታ “የእማማ ማድ ቤት!” አለች። እሳቱ በየቀኑ መንደዱ ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ ሽታው ግን አለ።

አወቃቀሩ ባለ ሁለት ቋሚ ነው። የጣሪያው ክብደት ያረፈው በአዳራሹ ግራና ቀኝ በተተከሉት ሁለት የምሰሶ ረድፎች ላይ ነው። የውጪው የጎን ግድግዳ ዝቅ ያለ፣ ተደግፎ የቆመ ነገር ነው፤ ዋናውን ጣሪያ አይሸከምም። ስለዚህ የጎኑ ግድግዳ ቢበሰብስ ቤቱ አይወድቅም፣ ግድግዳው ብቻ ይቀየራል። በኋላ ዘመን የመጡት ባለ አራት ቋሚ ቤቶች የውጪውን ግድግዳም ከፍ አድርገው አሸከሙት፣ ቦታም አተረፉ።

ምሳችንን አንድ ምግብ ቤት በላን። የሄዝ በግ ጥብስ 23 ዩሮ ነበር፤ እሱን ለአንድ አዝዘን ተካፈልን። ከዚያ ባክዊት ከሚባል እህል የሚሠራ ኬክ ከነጎምዛዛ ቀይ ፍሬው፣ በ5 ዩሮ። ስንመለስ የንብ መደብ አየን። ቀፎው ከጭድ ተጎንጉኖ በእበት የተለቀለቀ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ለልጅ ልጁ “ድሮ በላም እበት ነበር የሚለቀልቁት” ብሎ እንደ ተአምር ሲያስረዳ የአክስቴ ልጅ በክርኗ ጎሰመችኝ።

እሁድ፣ መስከረም 4፦ ባለቤቶቹ ያሉበት ቤት

ከሃምቡርግ በስተደቡብ ያለች አንዲት ትንሽ መንደር ናት። ስሟን የተውኩት ሰዎቹ የሚኖሩበት ስለሆነ ነው። ቤቱ የ1780ዎቹ ነው፤ በሩ ላይ ከአንድ ወረቀት በቀር ማስታወቂያ የለም። አጥሩ ላይ ግን ሰማያዊና ነጭ የሆነችው የቅርስ ምልክት አለች።

የተቀበሉን በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። ከመግባቴ በጎን በሩ ጉበን ግንባሬን መታሁ። ሴትዮዋ “ቤቱ ሁሉንም እንዲህ ነው ሰላም የሚለው” ብለው ቀዝቃዛ ፎጣ አመጡልኝ። ዋናው በር ጉበን ላይ ቤቱን ያሠሩት ባልና ሚስት ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ተቀርጿል። የሚስትም ስም አብሮ መጻፉን ወድጄዋለሁ።

ሰውዬው ባትሪ አብርተው ምሰሶዎቹ ላይ የተጫሩ ምልክቶችን አሳዩኝ። የሮማ ቁጥር ይመስላሉ። አናጢዎቹ ማገሩን በሙሉ መጀመሪያ መሬት ላይ አጋድመው ይገጥሙታል፣ እያንዳንዱን እንጨት ቁጥር ይሰጡታል፣ ፈትተው እንደገና እያቆሙ ያገጣጥሙታል። የግራው ረድፍ ከቀኙ እንዳይምታታ አንዱ ላይ ትንሽ ጭረት ይጨመርበታል። ሕንጻ ተቋራጭ የሚልከው ተገጣጣሚ ብረት ላይ የምንጽፈው ቁጥር ይኸው ነው፤ ከኮምፒውተር በፊት በመጥረቢያ ተሠርቶ ያለቀ ሥራ።

ዕድሜውን ያወቁት ከጽሑፉ ብቻ አይደለም። ምሰሶው ላይ የእርሳስ ያህል ቀጭን ቀዳዳ ተበስቶ መልሶ ተደፍኗል። ከዚያ የወጣውን እንጨት ባለሙያ የዓመታዊ ቀለበቶቹን ስፋት ለክቶ፣ ዕድሜያቸው ከታወቀ እንጨቶች ጋር አመሳክሮ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ይነግርሃል። ኦክ በእርጥቡ ነበር የሚሠራው፣ ሲደርቅ መጋጠሚያው ይጠብቃል። ስለዚህ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመትና ቤቱ የቆመበት ዓመት ብዙም አይራራቁም።

ከዚያ ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው። ጭቃና እንጨት እንዴት ይህን ያህል ይቆያል? ሰውዬው መልስ አልሰጡኝም፤ ጎንበስ በል አሉኝ። ከምሰሶው ሥር ረጅም ኦክ ግንድ ተጋድሟል፣ ከግንዱ ሥር ደግሞ ከመሬት በላይ የወጣ የድንጋይ ረድፍ። እንጨቱ አፈር አይነካም። በቃ፣ ይህ ነው። ጀርመኖችም በጥንት ዘመን እንደ እኛ ምሰሶውን መሬት ቆፍረው ይተክሉት ነበር፤ ቤቱም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ይበሰብስ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ወደ ድንጋይ ላይ ሲያወጡት ዕድሜው ለመቶዎች ዓመታት ሆነ። እኛ ባሕር ዛፉን ልጣጩን ገፈን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብረዋለን፣ ምስጡም ከታች ይጀምራል። ጥፋቱን ሁሉ ለጭቃው ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጭቃው ንጹሕ ነው!

እንዲያውም እዚያ ቤት ጥፋተኛው ሲሚንቶ ነው። ከእነሱ በፊት የነበረው ባለቤት በ1960ዎቹ ግድግዳውን “ለማጠንከር” በሲሚንቶ ለስኖታል። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ግን መውጫ የለውም። እንጨቱ ከኋላው ተደብቆ ይበሰብሳል። ልስኑን ሲያነሱት አንዳንዱ ቦታ ኦኩ በጣት ይፈረፈር ነበር አሉ። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው አዲስ ኦክ በችንካር ቀጥለውበታል። ጤነኛው አሮጌ እንጨት አይጣልም፤ የቅርስ መሥሪያ ቤቱም አይፈቅድም።

ስለ ፈቃዱ ብዙ አወራን። መንደሩ ባለበት በኒደርዛክሰን ክልል የቅርስ ጥበቃ ሕግ ከ1978 ጀምሮ አለ። ባለቤት መጠገን ግዴታው ነው፤ መስኮት መቀየር ቢፈልግ እንኳ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ሴትዮዋ ለአንድ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ወራት ጠብቀዋል፣ ሲነግሩኝም ገና አልበረደላቸውም። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት ከግብር ይቀንስላቸዋል፦ ሥራውን ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ ጋር ቀድመው ከተስማሙበት፣ ራሱ የሚኖርበት ባለቤት የእድሳት ወጪውን በዓመት 9 በመቶ እያደረገ ለ10 ዓመት ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀንሳል። የእኛም አገር የቅርስ አዋጅ አለው፤ ቁጥሩ 209/1992 ነው። ግን በአዋጁና በባለቤቱ ኪስ መካከል እንዲህ ያለ ድልድይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የተከራከርነው ይፍረስ አይፍረስ ብለን ነበር። ማን በምን ገንዘብ ያድሰው የሚለውን ያነሳው ጥቂት ነው።

ጓሮ ውስጥ ጭቃ ይቦካል። የወደቀው አሮጌ ጭቃ ሳይጣል ተፈጭቶ፣ ውሃና አዲስ ጭድ ተጨምሮበት መልሶ ይመረጋል። ኦኩ መሃል ቀጫጭን እንጨት ተወትፎ፣ በእሱ ላይ ቅርንጫፍ ተጎንጉኖ፣ ከዚያ ጭቃው ከውስጥም ከውጪም ይመታል። ጎብኚዎቹ በጣታቸው ጫፍ ሲነኩት ሳይ አላስቻለኝም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ልጅ ሆኜ ለአጎቴ ቤት ምርጊት ጭቃ ረግጫለሁ፤ ጭዱ ሲበዛና ሲያንስ እግር ያውቀዋል። “ጭድ ጨምሩ” አልኳቸው። ሰውዬው ተጠራጠሩ፣ ከዚያ አንድ ግድግዳ ላይ ሞክረው ጨመሩ። ሴትዮዋ የድንች ሾርባና የአፕል ኬክ አቀረቡልኝ፣ ገንዘብም አልተቀበሉኝም።

የማታው አውቶቡስ ሳይመጣ ቀረ። ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ ይመጣል ይላል፤ ዝናቡ ደግሞ ሳይባል መጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ሰውዬው ውሻቸውን ሊያንሸራሽሩ ሲወጡ አዩኝና በመኪናቸው ባቡር ጣቢያ ድረስ አደረሱኝ። እግሬ ላይ ያለው የደረቀ ጭቃ መኪናቸው ውስጥ ረገፈ። “የራሳችን ነው፣ ይመለሳል” አሉኝ።

ሰኞ፣ መስከረም 5፦ ክሎፐንቡርግ

ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር ተሰነባብተን በብሬመንና በኦልደንቡርግ በኩል ክሎፐንቡርግ ወረድኩ። ባቡር መቀያየሩ ይሰለቻል፤ በትኬቴ ግን ተጨማሪ ሳንቲም አልከፈልኩም። እዚህ በ1934 ሃይንሪኽ ኦተንያን የሚባል መምህር የመሠረተው የሜዳ ሙዚየም አለ። ከ50 በላይ ሕንጻዎች ከየመንደሩ ተፈትተው መጥተው ቆመዋል፤ የነፋስ ወፍጮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የድሃው ጎጆ ሳይቀር።

ዋናዋ ቬልቡርግ ናት፤ በ1750 አርትላንድ በሚባለው ሀብታም አካባቢ የተሠራች። ግንባሯ ፎቅ በፎቅ ወደ ውጪ እየወጣ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ አግዳሚ ተቀርጿል። ቆንጆ ናት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ትላንት ከነበርኩበት ቤት በኋላ ቀዘቀዘችብኝ። ምድጃዋ ተጠርጓል፣ ጋጣዋ አይሸትም፣ ጉበኗን የሚገጨው ጎብኚ ብቻ ነው።

ይበልጥ የያዘኝ ክቫትማንስሆፍ ነው። በ1806 አካባቢ የተሠራ ነው፤ ሙዚየሙ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ መጣ። በኤፕሪል 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ተቃጠለ። አሁን የቆመው ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተሠራው ነው። ታዲያ ይህ ቅርስ ነው ወይስ ቅጂ? ጥበቃ ላይ የነበረችውን ወጣት ጠየቅኳት። “አናጢዎቹ በድሮው መንገድ ነው የሠሩት” አለችኝ። ለእኔ በቂ መልስ ነው። አያቴ ጎጆ ውስጥ ሣሩ በየጊዜው ይቀየራል፣ ምሰሶውም ይተካል፣ ቤቱ ግን የአያቴ ቤት ነበር። አንድ የሥነ ቅርስ ባለሙያ ወዳጄ በዚህ አይስማማም፤ ኦሪጅናሉ እንጨት ከሌለ ታሪኩን የሚመረምርበት ነገር የለም ይላል። የቀለበቱን ነገር ካየሁ በኋላ እሱም ግማሽ እውነት እንዳለው አምኛለሁ።

በኦስናብሩክ በኩል ስመለስ ባቡሩ በሰዓቱ መጣ፤ ለመዝገብ ያህል ነው የምጽፈው። ማደሪያዬ ከዘመድ ቤት ስለነበር ከትኬቱ ውጪ ያወጣሁት ምግብና መግቢያ ተደምሮ ከመቶ ዩሮ ብዙም አላለፈም። መሄድ ለምትፈልጉ፣ ለሄዙ አበባ ስትሉ በኦገስት አጋማሽ ሂዱ። ለግል ቤቶቹ ስትሉ ደግሞ ሴፕቴምበር ሁለተኛውን እሁድ ጠብቁ። ሁለቱ በአንድ ጉዞ አይገጥሙም። የእሁድ አውቶቡስ ላይም አትተማመኑ፤ ስኒከሩንም ቤት ተዉት።